የቻይዋ ትከሻ

«እሷ? እሷ ምን ትሆናለች ብለው ነው፣ ዶክተር! ቻይ ናት። የእኛ ቤት ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልጋቸውም።»

ዓለምፀሐይ ይህን ስትሰማ ከኋላ በክር የሚታሰር የሆስፒታል ቀሚስ ለብሳ፣ ሰማያዊ መጋረጃ ተጋርዶላት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ ነበር። ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ ካሣሁን ነው። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ያውም ስብሰባ ላይ በሚጠቀምበት፣ በየመሃሉ ጉሮሮውን ጠረግ በሚያደርግበት እንግሊዝኛ። የሚያነጋግራት ደግሞ ዶክተር ንጄሪ ናት፤ ዛሬ ዓለምፀሐይን የምታስተኛት የሰመመን ሐኪም። በሽተኛዋን ልታነጋግር መጥታ ሳለ መጋረጃው ደጃፍ ላይ እንደ ዘበኛ የቆመውን ወንድም ስላገኘች፣ ነገሩን ሁሉ ለእሱ ዘርዝራለታለች። የሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ስለተሞላ ይወጣል፤ ሆዷ እንደ ድሮው በረጅሙ አይቀደድም፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ገብቶ ያልቃል። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሕመም በኪኒን ይወጣዋል። ዓለምፀሐይ ግን አስም አለባት፤ የናይሮቢ የሐምሌ ብርድ ሲገባ የሚብስባት ክፉ አስም። ሆዷን ካመማት በደንብ መተንፈስና ማሳል ትፈራለች፣ ያን ጊዜ ሳንባዋ ይታፈናል፤ ኃይለኛው ማስታገሻ ደግሞ ትንፋሿን ያደክመዋል። ስለዚህ ሐኪሟ በጀርባዋ በኩል እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ አስገብታ፣ መድኃኒቱ እስከ ነገ ድረስ በዚያ ጠብ ጠብ እንዲል ልታደርግ ፈልጋለች። ኤፒዱራል ይባላል። ካሣሁን «ጀርባ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ነው ድምፁ ቀጥኖ ስለ ቤታቸው ሴቶች መናገር የጀመረው።

ቻይ። ይህን ቃል ዓለምፀሐይ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ሁለተኛ ስም ተሸክማዋለች። እናታቸው ሰባት ልጅ ስትወልድ ጎረቤት ድምፅ አልሰማም ይባል ነበር፤ ያ ዝና ከእናትየው ወደ እሷ ሲተላለፍ ትወርሺዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ካሣሁን ሚስቱ ሞታ፣ ገና አፏን ካልፈታች ልጅ ጋር ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ታቅፎ ሲቀር፣ ዓለምፀሐይ ለሦስት ወር ብላ ከደብረ ብርሃን መጣች። ያቺ ልጅ፣ ሐሊና፣ ዛሬ ዲግሪዋን ይዛ ሞምባሳ ሥራ ገብታለች፤ የዓለምፀሐይ ሦስት ወር ግን እስካሁን አላለቀም። ሆዷን ማመም ሲጀምራት ጨጓራ ነው ብላ ዝም አለች፤ መቼም ሐበሻን ከጎድን አጥንቱ በታች የሚያመው ሁሉ ጨጓራ ነው። የዘንድሮ ፋሲካ ዕለት፣ ያንን ሁሉ ጾም ጾማ ዶሮ ወጡን ከነቅቤው እንደ ቀመሰች፣ ቀኝ ጎኗን እንደ ጦር ወጋት። ሳሎኑ ሙሉ የካሣሁን የመሥሪያ ቤት እንግዳ ነበር። ጓዳ ገብታ ፎጣ ነክሳ ቆየችና ፊቷን ታጥባ ወጥታ ድፎ ዳቦውን አቀረበች። በመጨረሻ ለእረፍት የመጣችው ሐሊና ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተጠቅልላ አግኝታት ሰፈሩን በጩኸት ባታናጋው ኖሮ፣ ዛሬም ጨጓራ እንደ ሆነ ይቀር ነበር።

እና አሁን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በእሷ ሆድ እሱ ቻይ ሆነ።

ዓለምፀሐይ ዝም ለማለት ሞክራለች። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና «ይሁን» ልትል ምንም አልቀራትም። ነገር ግን መሃል ከተማ ከጓደኛዋ ከጦይባ ጋር የሐበሻ ልብስና ቅመም የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ እዚያ የለመደችው አንድ ነገር አለ። ዓለምፀሐይ በአማርኛ እሺ ትላለች፣ በእንግሊዝኛ ዝም ትላለች፣ በስዋሂሊ ግን ትከራከራለች።

«ዳክታሪ!» አለች ከመጋረጃው ውስጥ፣ ደንበኛ ዋጋ ሲያራክስባት በምትጠራበት ድምፅ። «ናታካ ሂዮ ሲንዳኖ! ናታካ ሳና!»

ያን መርፌ እፈልገዋለሁ፣ አጥብቄ እፈልገዋለሁ ማለቷ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የካሣሁን እንግሊዝኛ ተቋረጠ። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና ዶክተር ንጄሪ ገባች፤ አጭር፣ ፊቷ ሰፋ ያለ፣ አረንጓዴ ቆብ ያጠለቀች ሴት ናት። «ፖሌ፣ ማማ» አለች፤ ይቅርታ ጠየቀች፣ መጀመር የነበረብኝ ከአንቺ ነው ብላ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም እንደገና፣ አሁን በስዋሂሊ፣ ቀስ ብላ አስረዳቻት። የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፣ ማሳከክ ሊኖር ይችላል፣ አንዳንድ ሰው ለጥቂት ቀን ራሱን ያመዋል። ዓለምፀሐይ ሰው ሁሉ የሚያወራውን ጠየቀች፤ ሽባ አያደርግም ወይ? ሐኪሟ አልሳቀችባትም። እንዲህ ያለ ጉዳት እጅግ በጣም አልፎ አልፎ እንደሚደርስ፣ ለዚህም ሲባል እግሯን በየጊዜው እያንቀሳቀሱ እንደሚያዩላት፣ እሷም እግሬ ከበደኝ ካለች ወዲያው መናገር እንዳለባት ነገረቻት። «ዝም አትበይ» አለቻት። «ዝም የሚል በሽተኛ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።»

ሐኪሟ ልትዘገጃጅ ስትወጣ ካሣሁን መጋረጃውን በሁለት ጣቱ ይዞ ብቅ አለ። ስድሳ ሊደፍን ምንም ያልቀረው፣ ረጅም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው፤ የዓለም አቀፍ ድርጅት የውሃ መሐንዲስ ነው፣ በየአገሩ ጉድጓድ ያስቆፍራል።

«ዓለሜ፣ አሰብሽበት?»

«አሰብኩበት፣ ጋሼ።»

«ጀርባ እኮ ነው።»

«ጀርባው የኔ ነው።»

እንዲህ ብላ መልሳለት አታውቅም። እሱም እንዲህ ተብሎ ስለማያውቅ የመጋረጃውን ጫፍ ማጠፍና መዘርጋት ጀመረ። ሁለቱ አንድ ቤት የኖሩት ባለመናገር ነው። የሻዩን ስኳር ታውቃለች፣ የትኛው ካልሲ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፣ እሱም የአስም መድኃኒቷ ሲያልቅ ሳትጠይቀው ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ግን ጥልቅ ያለ ነገር ሲመጣ አንዱ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ሌላዋ ዕቃ ታጥባለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቴሌቪዥንም የሚታጠብ ዕቃም የለም። ስልኳ ጮኸና አዳናቸው፤ ሐሊና ከሞምባሳ የላከችው የድምፅ መልእክት ነው። «ዓለምዬ፣ ኡኮ ሳዋ? ደህና ነሽ? ዳዲ እኮ ሜሴጄን እያየ አይመልስም፣ ብሉ ቲክ ብቻ! ፕሊስ ያመመሽን ሁሉ ንገሪያቸው፣ ሐበሻ አትሁኚ፣ ሳዋ?» ካሣሁን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለልጁ መልስ መጻፍ ጀመረ፤ ዓለምፀሐይም ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ጣሪያውን እያየች የምታስበው ስለ መርፌው ብቻ አልነበረም። ካሳራኒ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር፣ ከጦይባ ቤት ግድግዳ የሚጋራ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ለኪራይ ተለቅቋል። ወሩ አሥራ ስምንት ሺህ ሽልንግ ነው፤ ከሱቁ ከምታገኘው ላይ ትችለዋለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ሄዳ አይታዋለች። ትንሽ በረንዳ አለችው፣ ከታች የማታቱ ታክሲ ረዳቶች «ታውን! ታውን!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። ሩንዳ ግን ዛፍና አጥር ብቻ ነው፤ ሐሊና ከሄደች ወዲህ ዓለምፀሐይ ቀን ቀን የምትሰማው የጎረቤትን የሣር ማጨጃ ነው። የሕንፃው ጠባቂ እስከ ዛሬ ምሽት ድረስ ቁርጡን ካልነገራችሁኝ ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። ጦይባን «ሳልድን በምን አፌ ያዝልኝ እላለሁ?» ብላት ነበር የተለያዩት። እውነቱ ግን ቀዶ ጥገናው አልነበረም ያስፈራት፤ ለካሣሁን መንገሩ ነው።

መርፌው የተፈራውን ያህል አልሆነም። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ትራስ አቅፋ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ደፍታ፣ ጀርባዋን እንደ ተቆጣች ድመት አጉብጣ ተቀመጠች። አንዲት ነርስ ከፊት ትከሻዋን ይዛ «እንዲሁ ቆዪ፣ ጎበዝ» ትላታለች። ከኋላዋ ዶክተር ንጄሪ በረዶ የመሰለ ነገር ቀባቻት፣ ከዚያ ንብ የነደፋት ያህል ቆንጠጥ አደረጋት፣ ከዚያ ሕመም ሳይሆን ግፊት፣ ልክ ሰው አጥንቷን በአውራ ጣቱ እንደሚጫናት ያለ ግፊት ተሰማት። ዓለምፀሐይ የሚያስጮኻትን ነገር እየጠበቀች ሳለ ሐኪሟ «ጨረስኩ» አለች። ፕላስተሩ ጀርባዋ ላይ ሽቅብ እስከ ትከሻዋ ተለጠፈ። ከዚያ አስተኟት፤ ጭምብሉ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ ልታስብ የፈለገችው ጸሎት ነበር፣ የመጣላት ግን የካሳራኒዋ በረንዳ ናት።

ስትነቃ ቀትር አልፎ ዋርድ ውስጥ ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ሕመሙን መፈለግ ነው። ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ፣ ቀኝ ጎኗን በሐሳቧ ዳበሰች፤ የለም። እጇን ልካ ሆዷን ነካች፤ ፋሻዎቹን ጣቷ አገኛቸው፣ ሆዷ ግን ጣቷን አላወቀውም። የሌላ ሰው ሆድ እንደ መንካት ነበር። ሲስተር አቺየንግ የምትባል ተረኛ ነርስ ጓንት ውስጥ የተቋጠረ በረዶ ይዛ መጣችና ክንዷ ላይ አደረገችላት፤ ዓለምፀሐይ ዘለለች። ሆዷ ላይ አደረገችው፤ ምንም። እንደገና ክንዷ ላይ፤ ዘለለች። ሆዷ ላይ፤ ምንም። ዓለምፀሐይ የምትወደው ጨዋታ የጀመሩላት ይመስል ፈገግ አለች። እግሯን አንሺ ተባለች፣ አነሳች፤ ጣትሽን አጫውቺ ተባለች፣ አጫወተች። ተንፍሺ፣ አስይ ተባለች፤ በሙሉ ደረቷ ተነፈሰች፣ ሳለችም። ከደረቷ በላይ ያለውን ሳል ሰማችው እንጂ ከደረቷ በታች ያለው አካል ጉዳዬ ነው አላለም።

«ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» አለች ነርሷ በእንግሊዝኛ።

«ዜሮ» አለ ካሣሁን ከጥጉ ወንበር፣ ኩራት በተቀላቀለው ድምፅ። «ነግሬያችኋለሁ፣ ጠንካራ ናት።»

ዓለምፀሐይ ዞር ብላ አየችው። እንግዲህ ዜሮነቱ እውነት ነበር፤ ግን የመድኃኒቱን ሥራ ለቤተሰቡ ደም ሰጠው። ልትስቅም ልትናደድም ፈለገች፣ ሁለቱንም ትታ እንቅልፍ ወሰዳት።

ያነቃት ትከሻዋ ነው። ቀኝ ትከሻዋ ጫፉ ላይ፣ አንድ ሰው ችንካር ይዞ ቀስ እያለ እንደሚያዞርባት ያለ ሕመም። ተገረመች። የተነካችው ሆዷ፣ የታመመው ትከሻዋ! እንግዲህ ይኼ የራሷ ጥፋት መሆን አለበት፤ አተኛኘቷ ይሆናል፣ ብርድ ይሆናል። እንደ ለመደችው ማድረግ ጀመረች፤ ጥርሷን ገጠመች፣ ትንፋሿን አሳጠረች፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች። ከመስኮቱ ውጭ ጃካራንዳ ዛፍ ሥር ሁለት ጥበቃዎች ማንዳዚ የሚባለውን ብስኩት እየገመጡ ሻይ ይጠጣሉ። ካሣሁን ጋዜጣ እያነበበ ነው። ሕመሙ አንገቷ ሥር ወጣ። «ይሁን» አለች በልቧ፣ «ይህቺማ ምን አላት»። ከዚያ የዶክተር ንጄሪ ነገር ትዝ አላት፤ ዝም የሚል በሽተኛ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ሲስተር አቺየንግ የደም ግፊቷን ልትለካ ገባች።

«ስንት ነው አሁን?»

ካሣሁን ከጋዜጣው ቀና ብሎ አፉን ከፈተ።

«ስምንት» አለች ዓለምፀሐይ።

ጋዜጣው ጭኑ ላይ ወረደ። «ስምንት?» አለ በአማርኛ። «ምኑ ነው ስምንት?»

«ትከሻዬ። አመመኝ ጋሼ። በጣም አመመኝ።»

ይህን ብላ እንባዋ መጣ፤ ደግሞ ያለቀሰችው ከሕመሙ ይልቅ ቃሉን ስለተናገረችው ነበር። አመመኝ። አፏ ውስጥ እንግዳ ቃል ሆነባት፣ እንደ አዲስ ጥርስ። ነርሷ ግን አልደነገጠችም። ሐኪሞቹ እንዲያዩበት ሆዷን በአየር ነፍተውት እንደነበር፣ የቀረው አየር ሳንባዋ ሥር ያለውን ስስ ጡንቻ እንደሚቆጠቁጥ፣ ጡንቻው ደግሞ ሕመሙን ለትከሻ እንደሚልክ፣ የጀርባው መድኃኒትም እስከዚያ እንደማይደርስ ነገረቻቸው። ብዙ ሰው ያመዋል፣ በቀን በሁለት ቀን ይለቃል። «ግን ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?» ብላ በደም ሥሯ ሌላ መድኃኒት ሰጠቻት፣ አልጋውን ቀና አደረገችላትና በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ የውሃ ከረጢት አመጣች። ካሣሁን ብድግ ብሎ ከነርሷ እጅ ከረጢቱን ተቀበላት። ትከሻዋ ላይ ይዞ ቆመ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ መቀመጥ ይችል ነበር፤ አልተቀመጠም።

ሕመሙ ቀስ እያለ ረገበ። የዋርዱ ግድግዳ ሰዓት ይሰማል፣ ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል። ዓለምፀሐይ አመመኝ ካለች በኋላ ሰማዩ እንዳልተደፋ፣ እንዲያውም የሞቀ ነገር ትከሻዋ ላይ እንዳረፈ አሰበች። ይህ ሰው ቆሟል፤ ቴሌቪዥን የለም። አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም።

«ጋሼ፣ ካሳራኒ ቤት አግኝቻለሁ። ከጦይባ ጎን። መውጣት እፈልጋለሁ።»

ከረጢቱ ትከሻዋ ላይ ቆመ። «ለማን?»

«ለኔ።»

«ካሳራኒ?» አለ፤ ሌላ አህጉር የጠቀሰችለት ይመስል። «ሩንዳ ቤት እያለሽ? ሰው ምን ይላል? እህቱን አባረራት ነው የሚባለው። ምን ጎደለብሽ? ምን ያላደረግኩልሽ ነገር አለ?»

«ምንም አልጎደለብኝም። አንተም ምንም አላጠፋህም። ሐሊና አደገች፣ እኔም የራሴን በር ልቆልፍ ፈለግኩ፤ ይኸው ነው።»

ካሣሁን ከረጢቱን በቀስታ ትከሻዋ ላይ አመቻቸው፣ ይዞ የቆየበትን እጁን ወደ ኪሱ መለሰ፣ «ሾርባ ላምጣልሽ» አለና ወጣ። የጫማው ድምፅ በኮሪደሩ ርቆ እስኪጠፋ ሰማችው። ሄዳ ልታባብለው ብትፈልግም ጀርባዋ በቱቦ፣ ክንዷ በግሉኮስ ታስሯል። ይህም በጎ ሆነ፤ እግሯ ነጻ ቢሆን ኖሮ ሮጣ ደርሳ «ቤቱ ይቅርብኝ» ትለው ነበር።

በጠያቂ ሰዓት ጦይባ መጣች፤ ሒጃቧ በማታቱ ግፊያ ጎን ዞሮ፣ እጇ ላይ ሁለት ፌስታል። ጦይባ ሐዘን ቤት እንኳ ገብታ ሰው ሳታስቅ የማትወጣ ሴት ናት። «አወጡልሽ? የታለ? አሳይተውሻል? የኔ ባል የሱን ጠጠር ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ቡፌ ላይ ነው ያስቀመጠው፣ እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኛል!» አለች ገና ሳትቀመጥ። ዓለምፀሐይ ስለ መርፌው፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ስምንቱ ነገረቻት፤ በመጨረሻም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለካሣሁን ስለ ቤቱ መንገሯን።

ጦይባ ፌስታሎቹን መሬት ላይ ለቀቀቻቸው። «ነገርሽው? አንቺ? ያ አላህ! እኛ ፈሪውን ሰው ሐሞት የለውም ስንል እንኖራለን፤ አንቺ ሐሞትሽን ባወጡልሽ ቀን ደፈርሽ!»

ዓለምፀሐይ ሳቀች። ሳቋ እንደ ጀመረ ሁለቱም ደነገጡ፤ ጦይባ «ስፌቱ! ስፌቱ!» ብላ አፏን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች። ነገር ግን ሆዷ ተኝቷል፤ ሳቁን ማንም አልቀጣውም። ይህን ስታውቅ ባሰባት። ዓመት ሙሉ ጎኗን ደግፋ፣ በአፏ ጫፍ ብቻ ስትስቅ ነው የከረመችው። አሁን እንደ ልጅነቷ፣ እንባዋ እስኪፈስ፣ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችው አሮጊት ምኑ እንደሆነ ሳታውቅ አብራት እስክትስቅ ድረስ ሳቀች።

«እና ምን አለሽ?» አለች ጦይባ ዓይኗን እየጠረገች።

«ወጣ።»

«ይመለሳል። ጠባቂው ግን አይመለስም፣ እየደወለ ነው። ምን ልበለው?»

ዓለምፀሐይ በሩን አየች። ኮሪደሩ ባዶ ነው። በሙሉ ደረቷ ተነፈሰች። «ያዝልኝ በይው» አለች።

ጦይባ እየደወለች ሳለ ካሣሁን ገባ። በትሪ ላይ ሾርባ ይዟል፤ አራት መቶ ሃምሳ ሽልንግ የተከፈለበት፣ ካሮት አልፎ አልፎ የሚዋኝበት የሞቀ ውሃ። ጦይባን በአንገቱ ሰላም አላት፣ ትሪውን አስቀመጠና በሁለት እጁ የአልጋውን ብረት ያዘ። ጦይባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በስዋሂሊ እያወራች ነው። ምን እየተባለ እንደሆነ ገብቶታል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጦይባ፣ እስቲ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቂልኝ።»

ጦይባ ጠየቀች። «ሁለት ቀን፣ ጋሽ ካሣሁን። አንዳንዴ አንድ ቀን።»

«የሕንፃው ታንከር ስንት ሊትር ነው? ለስንት ቤት?»

«እሱን አያውቀውም ልጁ፤ ትልቅ ጥቁር ታንከር ነው እያለዎት ነው።»

«ትልቅ ጥቁር መለኪያ አይደለም» አለ ካሣሁን ተቆጥቶ። «ቅዳሜ ሄጄ እኔው አየዋለሁ። በረንዳው ላይ የራሷ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋታል።» ጦይባ ለዓለምፀሐይ በዓይኗ ጠቀሰቻት፣ ስልኩን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ካሣሁን ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። ሾርባውን በማንኪያ ሲያማስል ሲያማስል ቆየ፣ የሚበላው እሱ ይመስል። «ጠዋት ለሐኪሟ ያልኩትን ሰምተሻል» አለ በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ።»

«ያን መርፌ ትናንት በስልኬ አየሁት። ርዝመቱን። እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺ እንዲያ ስትወጊ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ ...» አልጨረሰውም። ሚስቱም ከሆስፒታል አልተመለሰችም ነበር፤ ያንን ሁለቱም ያውቃሉ። «ትችላለች ያልኩት፣ ዓለሜ፣ እኔ ስለማልችል ነው።»

ዓለምፀሐይ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ እጁ ላይ አደረገች። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ «በቃ፣ አልሄድም» ትል ነበር። ቃሉ መጣ፣ ምላሷ ላይ ደረሰ፤ መልሳ ዋጠችው። ከሩንዳ ካሳራኒ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም።

«እሑድ እሑድ እየመጣሁ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን» አለችው። «ሮብ ሮብ ደግሞ አንተ ትመጣለህ።»

«እሺ።» ሾርባውን ደግሞ አማሰለ። «ሌላውን ቀን ራት ምን እበላለሁ?»

«ታበስላለሃ!»

«እኔ?»

«አንተ። በሩዝ ጀምር፤ ከሩዝ የሚቀል ነገር የለም። ይህን ለሚያህል አገር ውሃ ያወጣህ ሰው ሩዝ ያቅትሃል?»

ካሣሁን ማንኪያውን አስቀመጠ። ግንባሩ ተቋጠረ፤ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ሲቀርብለት እንደሚያደርገው ጣቶቹን አጣምሮ አሰበ፣ አሰበና ፊቱን በፍጹም ቁምነገር ወደ እህቱ መለሰ።

«ሩዝ ስንት ውሃ ይፈልጋል?» አላት።

ዓለምፀሐይ መመለስ አልቻለችም። ራሷን ትራሱ ላይ ጥላ፣ ቱቦው ጀርባዋ ላይ እንዳለ፣ በሙሉ ሆዷ ሳቀች፤ ካሣሁንም መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እሱም አብሯት ሄደ። ሲስተር አቺየንግ ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ ስትገባ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል፣ በሽተኛዋ ደግሞ ሁለት ጣቷን አንስታ «ለአንድ ሲኒ ሁለት፣ ጋሼ! ለአንድ ሲኒ ሁለት!» ትላለች።